መኪናው መንገድ አግኝቷል፣ እግረኛውስ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣

የበረዶው ወራት ሳይገባ እዚህ በመገናኘታችን ደስ ብሎኛል። የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሰው በረዶ ሊጥል ነው ሲባል የሚያደርገውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወደ ገበያ ይሮጣል፤ ወተትና ዳቦ ከመደርደሪያ ያልቃል፤ የእኛም ሰው እንጀራውን ገዝቶ ያስቀምጣል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የቢሮ ሠራተኛም ከቤት እንዲሠራ ይነገረዋል። ብዙ በረዶ የለመዱት ሚኒሶታና ቡፋሎ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በዚህ ይስቁብናል። እኔ ግን አስቀድሞ መጠንቀቁን አልነቅፍም።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2016ን አስታውሱ። የጣለው አንድ ኢንች ያህል ብቻ ነበር። መንገዱ ላይ ጨው በጊዜ አልተነሰነሰም ነበርና፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ጎማ የረገጠው በረዶ ግግር ሆነ። ብዙዎች መኪናቸው ውስጥ ሰዓታት አሳለፉ። የፕሬዚዳንት ኦባማ አጀብ እንኳ ከአንድሩስ የጦር ሰፈር ዋይት ሀውስ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። የዋሽንግተን ዲሲ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ትልቁ በረዶ መጣ፤ ደለስ ኤርፖርት 29 ኢንች ተለካ፣ የከተማው ባቡር ሜትሮም ቅዳሜና እሁድን ተዘጋ። ያን ጊዜ ግን አብዛኛው ሰው አስቀድሞ ቤቱ ገብቶ ነበር።

ታዲያ «ከቤት አትውጡ» ሲባል ቤቱ መቅረት የሚችለው ማን ነው? ሆስፒታል በረዶ ጣለ ብሎ አይዘጋም። የአረጋውያን መንከባከቢያም፣ ሆቴልም አይዘጋም። እዚያ የሚሠሩትን እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። ሌሊት ወጥተው አውቶቡስ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። በረዶ ጠራጊው መኪና አስፋልቱን ሲያጸዳ በረዶውን ወደ ዳር ይገፋዋል፤ የእግረኛ መሻገሪያውና የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ይከመርና ያድራል፣ ይደርቃል። በክራንች የሚሄዱ እናት፣ ልጅ በጋሪ የምትገፋ ወጣት በመኪና መሐል ለመሄድ ይገደዳሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ለመኪና መንገድ የተሰጠው ትኩረት ለእግረኛ አልተሰጠም።

በዲሲ ሕግ ከደጁ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ የመጥረግ ግዴታ የባለንብረቱ ነው፤ በረዶው ካባራ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ስምንት የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ። ቤት ያላችሁ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ ቅጣቱን ፈርታችሁ ሳይሆን የሚያልፈውን ሰው አስባችሁ ጥረጉ። ጥግ ላይ ያለውን መሻገሪያ አትርሱት።

ስትጠርጉ ግን ራሳችሁን ጠብቁ። እርጥብ በረዶ ከባድ ነው፤ የልብ ሕመምና የደም ግፊት ያለባችሁ አካፋውን ለልጆች ተዉላቸው። መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫው አካባቢ ያለውን በረዶ አንሡ። በዚያው በ2016ቱ በረዶ፣ ኒው ጀርሲ ፓሴይክ ከተማ፣ አባት በረዶ ሲጠርግ መኪና ውስጥ እየሞቁ ይጠብቁት የነበሩት እናትና ሕፃን ልጇ በታፈነው ጭስ ሞተዋል። በጭሱ ውስጥ ያለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም።

በሩ አጠገብ ሁለት መዝገብ አለ። በአንዱ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን፣ እነሱው ከፈቀዱ፣ ስምና ስልክ ጻፉልን፤ በሌላው አካፋ ይዞ መውጣት የሚችል ወጣት ይመዝገብ። ሰፈር ለሰፈር እናገናኛችኋለን፤ ከመጀመሪያው በረዶ በፊትም እንድትተዋወቁ እንደውልላችኋለን።

አመሰግናለሁ።