የዕጩው ቃል ቁልፉ በማን እጅ ነው? የአሜሪካን የፕሬዚዳንት ዕጩ ንግግር መመዘን

[ምስል፦ አዳራሽ፣ ባንዲራ፣ ከጣራ የሚወርድ ፊኛ። ጭብጨባው ቀስ እያለ ይጠፋል።]

ንግግሩ አልቋል። ቤተሰቡ መድረክ ላይ ወጥቶ እጅ እያውለበለበ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ክርክሩ ጀምሯል፦ «አንጀቴን አራሰው»፣ «ስለ እኛ አንድም ነገር አላነሳም»፣ «ይሄ ሁሉ ወሬ ነው»። ስሜቱ የራሳችሁ ነው፣ ማንም አይነጥቃችሁም። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለባችሁ፦ የተገባው ቃል የሚፈጸመው በማን ሥልጣን ነው?

[ምስል፦ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ።]

አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ክፈሉ። በአንደኛው ራስ ላይ «ብቻውን»፣ በሁለተኛው «ከኮንግረስ ጋር»፣ በሦስተኛው «ከእጁ ውጭ» ብላችሁ ጻፉ። ንግግሩ በቀጥታ ሲተላለፍ አትጻፉ፤ ጭብጨባው ያጣድፋችኋል። በማግስቱ ሙሉ ጽሑፉ በጋዜጦች ድረ ገጽ ይወጣል፣ ከዚያ ላይ ሥሩ። ዶናልድ ትራምፕ በጁላይ 2024 ሚልዋኪ ላይ ያደረጉት የዕጩነት ንግግር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ወስዷል። ከእንዲህ ያለው ንግግር ላይ ምስጋናውን፣ ትዝታውንና በተቃዋሚ ላይ የሚወረወረውን ስታወጡ፣ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ብዙ አይደለም።

ቃሉን ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ፈልጉት። «እፈርማለሁ» ካለ ድርጊቱ ይታወቃል። «ኮንግረስን እጠይቃለሁ» ካለ የሌላ ሰው ፈቃድ እንደሚያሻው ራሱ ነግሯችኋል። «አይ ዊል ፋይት» ወይም «እታገላለሁ» ካለ ቃል የገባው ለሙከራው ነው፣ ለውጤቱ አልገባም። ትርጉም ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በእንግሊዝኛ «እናየዋለን» የተባለው፣ በማኅበራዊ ሚዲያ በአማርኛ ሲዞር «እናስተካክለዋለን» ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ የተተረጎመ ቅንጫቢ ብቻ ከሰማችሁ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ወይም ጎረቤት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንዲያነብላችሁ አድርጉ።

[ምስል፦ አንደኛው ዓምድ ይጎላል።]

ፕሬዚዳንቱ ብቻውን የሚያደርገው ከሚመስለው በላይ ብዙ ነው፤ እኛን ከኢትዮጵያ የመጣን መራጮችንም በቀጥታ ይነካል። በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ መሠረት በየዓመቱ የሚገባውን የስደተኛ ጣሪያ የሚወስነው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ኮንግረስን ያማክራል እንጂ ድምፁን አይጠብቅም። ትራምፕ ለ2021 የበጀት ዓመት 15,000 አድርገውት ነበር። ባይደን በዚያው ዓመት ወደ 62,500፣ ለ2022 ደግሞ ወደ 125,000 ከፍ አደረጉት። ኢትዮጵያ በአጎዋ ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድሏን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ያጣችውም በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ነው።

ይሁንና ፊርማ ሁለት ድክመት አለው። የመጀመሪያው፣ የሚቀጥለው ፕሬዚዳንት በሌላ ፊርማ ሊሽረው መቻሉ ነው። ሶማሊያንና ሱዳንን ጨምሮ በሰባት አገሮች ላይ በጃንዋሪ 2017 የተጣለው የጉዞ እገዳ፣ ፍርድ ቤት ደርሶ ሁለት ጊዜ ከተለወጠ በኋላ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጽንቶት ነበር፤ ባይደን ሥልጣን በያዙበት ዕለት ሻሩት። ሁለተኛው ድክመት፣ ቁጥር ጽፎ ማስፈጸም ሌላ ሥራ መሆኑ ነው። በ2022 ጣሪያው 125,000 ሆኖ ሳለ የገባው ስደተኛ 26,000 አልሞላም። ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉት ሠራተኞችና እዚህ ተቀብለው የሚያቋቁሙት ቢሮዎች በቀደሙት ዓመታት ተመናምነው ነበር፤ ወረርሽኙም ተጨመረበት። ዕጩው ቁጥር ሲጠራ «በስንት ሠራተኛ?» ብላችሁ ጠይቁ።

[ምስል፦ ሁለተኛው ዓምድ።]

ገንዘብና ሕግ የኮንግረስ ናቸው። በ435 መቀመጫ የተወካዮች ምክር ቤት 218 ድምፅ፣ በ100 ሴናተሮች ሴኔት ደግሞ ለአብዛኛው ሕግ ክርክሩን ለመዝጋት 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ግብርን እና በጀትን የሚመለከቱ ሕጎች በልዩ መንገድ በተራ አብላጫ ሊያልፉ ይችላሉ፤ ያም ዋስትና አይደለም። በጁላይ 2017 ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዘው ሳለ፣ የኦባማን የጤና መድን ሕግ ለመሻር የቀረበው ሐሳብ 49 ለ51 ወደቀ፤ ሦስት የራሳቸው ሴናተሮች ተቃወሙት። ጆርጅ ቡሽ አባትየው በ1988 ኒው ኦርሊንስ ላይ አዲስ ግብር እንደማይጥሉ በማያሻማ ቃል ተናገሩ። በ1990 ግን ዴሞክራቶች ከያዙት ኮንግረስ ጋር በበጀት ሲደራደሩ ግብር መጨመሩን ተቀበሉ፤ በ1992 ተሸነፉ።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግማሹ በአንደኛው፣ ግማሹ በሁለተኛው ዓምድ የሚወድቀው ቃል ነው። ኦባማ ኩባ ያለውን የጓንታናሞ እስር ቤት በአንድ ዓመት ለመዝጋት በጃንዋሪ 22 ቀን 2009 ፈረሙ። ኮንግረስ ደግሞ እስረኞቹን ወደ አሜሪካ ምድር ለማዘዋወር ገንዘብ እንዳይወጣ በሕግ ከለከለ። ኦባማ በ2017 ሲሰናበቱ እስር ቤቱ ክፍት ነበር። የእኛው ዲቪም እንዲሁ ነው። በ1990 ሕግ የተቋቋመ ስለሆነ «ዲቪን እሰርዛለሁ» የሚል ዕጩ ኮንግረስ ያስፈልገዋል። ማገድ ግን ይቻላል፦ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ የዲቪ ባለዕድሎች ሳይቀሩ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ እንዳይገቡ ተደረገ። ቪዛው የሚሰጠው እስከ ሴፕቴምበር 30 ብቻ በመሆኑ የዘገየበት ሰው ዕድሉ ያመልጠዋል። ለዚህ ዓይነቱ ቃል መስመር ስጡና በሁለቱም ዓምድ ጻፉት።

ፍርድ ቤቱንም አትርሱ። ባይደን በ2022 ለተበዳሪው እንደየሁኔታው እስከ 10,000 ወይም እስከ 20,000 ዶላር የተማሪ ብድር ለመሰረዝ ያወጡትን ዕቅድ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 30 ቀን 2023 በ6 ለ3 ጣለው። ምክንያቱም ኮንግረስ ያን ያህል ሥልጣን አልሰጠም የሚል ነበር።

[ምስል፦ ሦስተኛው ዓምድ፣ የነዳጅ ማደያ።]

«ነዳጅ አረክሳለሁ» የሚለውን ታክሲና ኡበር የሚነዳ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይሰማዋል። ዋጋው በዋናነት የሚከተለው የዓለምን የድፍድፍ ዘይት ገበያ ነው። በጋሎን 18.4 ሳንቲም የሆነውን የፌዴራል ግብር ለማንሳት እንኳ ኮንግረስ ያስፈልጋል። ለባንክ ወለድ መነሻ የሚሆነውን መጠን የሚወስነው ደግሞ የማዕከላዊ ባንኩ፣ የፌዴራል ሪዘርቭ፣ ኮሚቴ ነው።

[ምስል፦ ወረቀቱ ከድምፅ መስጫ ወረቀት ጎን።]

አሁን ሁለተኛውን ዓምድ ቁጠሩ። እዚያ የሰፈረው ከበዛ፣ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከፕሬዚዳንቱ በታች ያሉትን ስሞች ባዶ ትታችሁ አትውጡ። የተወካዮች ምክር ቤት በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይመረጣል። የሴናተር ዘመን 6 ዓመት ስለሆነ፣ በክልላችሁ ዘንድሮ ውድድር መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ፣ ከተማችሁ ፕሬዚዳንቱን በሚመርጠው የመራጮች ጉባኤ (ኢሌክቶራል ኮሌጅ) 3 ድምፅ አላት፤ ሴናተር ግን የላችሁም፣ ተወካያችሁም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም። ስለዚህ የሁለተኛው ዓምድ ዕጣ የሚወሰነው ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ወይም ከከተማዋ ወሰን አለፍ ብለው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚኖሩ ዘመዶቻችሁ ድምፅ ነው። ደውሉላቸው።