ብሩክሊን ውስጥ ካሜራ የያዙት አስታማሚዎች

ሰላም ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ ስለ ኤችአይቪ እናወራለን፣ ቆይ አትሂዱ፣ የጤና ትምህርት ምናምን ልሰጣችሁ አይደለም፣ ስለ ቪዲዮ አርት ነው።

ጊዜው በፈረንጅ 1990 ነው፣ ኒውዮርክ ብሩክሊን። ያኔ አሜሪካ ቫይረሱን እንዲዋጋ የተፈቀደው መድኃኒት ኤዜድቲ ብቻ ነበር፣ ሰውን ከአልጋ ያስነሳው የመድኃኒት ቅንጅት የመጣው 1996 አካባቢ ነው፣ እና እስከዛ ማን ያስታምማል? እናት፣ እህት፣ ጎረቤት። ቲቪ ከፍታችሁ ግን እነሱን አታዩም፣ የምታዩት ወይ የከሳ ሰው ወይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም ነው።

እና አሌክሳንድራ ዩሃዝ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ከሰፈሩ ሴቶች ጋ ዌቭ የሚባል ቡድን አቋቋሙ፣ አብዛኞቹ ጥቁርና ላቲና (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ) ናቸው፣ በየሳምንቱ እየተገናኙ የራሳቸውን ጉድ ያወራሉ፣ ካሜራ ይማራሉ፣ መጨረሻ ላይ ዊ ኬር የሚባል ቪዲዮ ሰሩ፣ ለአስታማሚዎች የተሰራ።

(ምስል፦ የቤት ውስጥ ቀረጻ)

እኔን የያዘኝ ቦታ ይሄ ነው። ቫይረሱ በደሟ ያለ አንዲት ሴት ቤቷን ታስጎበኛለች፣ ካሜራው እየተከተላት። በቃ ይሄው ነው! ግን አስቡት፣ እንግዳው ካሜራው ነው፣ የቤቱ እመቤት እሷ ነች፣ ግቡ የምትለው እሷ፣ የፈለገችውን የምታሳየው እሷ፣ በዛን ሰዓት ሰው ከእንደሷ አይነቱ ጋ ብርጭቆ መጋራት የሚፈራበት ዘመን ነበር እኮ። ጥራቱ ያው የዘመኑ ካሴት ነው፣ ለኔ ግን ከብዙ ውድ ዶክመንተሪ ይበልጣል።

ደሞ ሰርተው አላስቀመጡትም፣ ሴቶቹ ራሳቸው ይዘውት እየሄዱ ሰፈር ውስጥ ያሳዩት ነበር፣ ቪዲዮው ሲያልቅ ወሬው ይጀመራል።

አሁን ወደ ቪዥዋል ኤድስ። 1988 ኒውዮርክ የተመሰረተ፣ በጥበብ ስለ ኤድስ የሚሰራ ድርጅት ነው፣ እኛ ሀገር ህዳር 22 ሲመጣ ደረት ላይ የምትደረገዋ ቀይ ሪባን 1991 የወጣችው ከነሱ አርቲስቶች ነው። ዲሴምበር 1, 1989 ደሞ ሙዚየሞችን አሳምነው ገሚሱ ተዘጋ፣ ገሚሱ ስዕሎቹን ሸፈነ፣ የሞቱትን ለማሰብ። አሁን አሁን በዛ ቀን አዳዲስ ቪዲዮ አሰርተው ያሳያሉ። የ2021ዱ ሰባት ቪዲዮ ነው፣ ርዕሱ ኢንዱሪንግ ኬር፣ ሁሉም መተሳሰብ ላይ ነው፣ አንዱ ስለ እስር ቤትና ኤችአይቪ ነው። ከ2022ቶቹ ደሞ አንዱ ከቫይረሱ ጋር ስለሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ነው።

«መድኃኒት አለ አይደል እንዴ፣ ምን አዲስ ነገር አለው» የሚል ይኖራል። አለ፣ ዛሬ መድኃኒቱን በደንብ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በወሲብ አያስተላልፍም። ግን ኪኒኑ ክሊኒክ አብሮህ አይሄድም፣ የቤት ኪራይም አይከፍልልህም፣ ዘመድ ሲርቅህም ቡና ጠጡ ብሎ አይጠራህም።

የቪዥዋል ኤድስ ቪዲዮዎች አጫጭር ናቸው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኟቸዋላችሁ፣ ጊዜ ካጠራችሁ የጥቁር ሴቶቹን አስቀድሙ።