ብሬከሩን አትስደቡት፦ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬም ስልኩ ሁሉ ስለ ልብስ ማጠቢያ ነው፣ እሺ እንግዲህ።

ከኮምቦልቻ፦ ማሽኑ ውሃ ይሞላል፣ ይዞራል፣ ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩ ይወርድና ቤቱ ይጨልማል።
እታለም፣ መቼ እንደሚወርድ የነገረኝ ሰው ግማሹን ስራ ሰርቶልኛል። ማሞቅ ሲጀምር ከሆነ የምጠረጥረው ሪዚስታንሱን ነው፣ ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱም ላይ ይጋገራል፣ ሲቆይ ሽፋኑ ይሰነጠቅና ኮረንቲው ወደ ማሽኑ ቆርቆሮ ያመልጣል። በፌዝ ሽቦ የሄደው በኒውትራል ሽቦ እኩል ካልተመለሰ የመፈተሻ ቁልፍ ያለው ብሬከር ይቆርጣል፣ ለቤት የሚሆነው አብዛኛው የጎደለው 30 ሚሊአምፔር ሳያልፍ ነው የሚቆርጠው። በቀዝቃዛ ውሃ ሲሰራ ካልወረደ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ መኖሩን ካላወቅሽ ግን አትሞክሪው!

ከደሴ ሸዋበር፦ ገና ስሰካው ይወርዳል።
ብዙ ጊዜ ገመዱ ወይ የኮረንቲው መግቢያ ላይ ያለው ፊልተር ነው። ነቅለህ ባለሙያ ጥራ።

ከሐይቅ፦ ሲጨምቅ ብቻ ነው የሚወርደው።
ሞተሩ ይታይ። ሞተሩ ውስጥ ከሚፋጨው ካርቦን የወጣ ብናኝ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ከላይ ውሃ እየተንጠባጠበበት ነው።

ከወልዲያ፦ የሰፈር ልጅ የኧርዙን ሽቦ ቆረጠልንና ብሬከሩ መውረድ ተወ። ግን አንዳንዴ እጄን ነዘር ያደርገኛል፣ ችግር አለው?
ያረቢ! ወንድሜ፣ አሁኑኑ ሂድና ዋናውን አጥፍተህ ማሽኑን ከግድግዳው ንቀለው፣ ከዛ ተመልሰህ ስማኝ። ልጁ ያጠፋው ችግሩን ሳይሆን ጠቋሚውን ነው። ኮረንቲው ዛሬም ቆርቆሮው ላይ አለ፣ ድሮ በኧርዙ ወደ መሬት ይሄድ ነበርና ብሬከሩ ያየው ነበር፣ አሁን መውጫ ስለሌለው ሰው እስኪነካው ይጠብቃል ማለት ነው፣ እና ማነው የሚነካው? እናትህ፣ ሚስትህ፣ እጇ እርጥብ፣ እግሯ ባዶ፣ ወለሉ ውሃ ያለበት። ነዘር ካደረገህ እኮ መንገዱ አንተ ነህ! ሌላው ደግሞ፣ ብሬከር አለኝ ብላችሁ የምትተኙ፣ ተራው ብሬከር ገመድ እንዳይቃጠል ነው የተሰራው፣ 16 አምፔር የሚለው 16 አምፔር ካላለፈ አይነቃነቅም፣ ሰው የሚገድለው ከዛ እጅግ ያነሰ ነው። ለሰው የሚቆርጠው ያ የመፈተሻ ቁልፍ ያለው ነው፣ እሱን ደግሞ «አስቸገረኝ» ብላችሁ ዘላችሁ ቀጥታ ታያይዛላችሁ። ያስቸገራችሁ እሱ መሰላችሁ? አንተ ግን አብሽር፣ ገና ሰው አልሞተም፣ ሽቦውም ማሽኑም በባለሙያ እስኪሰራ በእጅ እጠቡ።

ኧርዙን ከውሃ ቧንቧ ጋር ባስረውስ?
አይሆንም። ቧንቧው ፕላስቲክ ከሆነ ምንም አይሰራም፣ ብረት ከሆነ ደግሞ ኮረንቲውን ለጎረቤት ሻወር ትልካለህ።

ብሬከሩ ላይ ያ «ቲ» የተጻፈበት ቁልፍ ለምንድነው?
መፈተሻ ነው። በወር አንዴ ጫኑት፣ ካልወረደ ይቀየር። ኧርዝ መኖሩን ግን አይነግራችሁም፣ እሱ ለብቻው ይለካ።

የኮረንቲ መለኪያ ሜትር አለኝ፣ ማሽኑን ራሴ ፈትቼ ልለካው?
ሜትርህ በትንሽ ባትሪ ስለሚለካ የተበላሸውን ሪዚስታንስ ደህና ነው ሊልህ ይችላል። ጉዱን የሚያወጣው በ500 ቮልት የሚለካው ሚገር ነው። እሱ ከሌለህ ክዳኑን አትክፈት፣ ያለው ሰው ጥራ።