መጥሪያው ግዳጅ ላይ ላለ ወላጅ ሲደርስ

ክቡራን ዳኞች፣ የተከበራችሁ የአሜሪካ ሠራዊት አባላት፣ ከሠራዊቱ የተሰናበታችሁ ወገኖቼና ቤተሰቦቻችሁ፤

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ቤተሰብ ፍርድ ቤት አገልግሎት በጠቅላላው ነው፤ ይሁንና አንድ ፖስታ ሳላነሳ ማለፍ አይሆንልኝም። ፖስታው ግዳጅ ላይ ሳለሁ ወደ ቀድሞ ሰፈራችን ሄዶ ዞሮ የደረሰኝ በመሆኑ፣ ሁለት የአድራሻ ማስተካከያ ወረቀት ተደራርቦ ተለጥፎበት ነበር። በውስጡ የልጄን አሳዳጊነት የሚመለከት መጥሪያ አገኘሁ፤ ቀጠሮው ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። የሌሊት ጥበቃዬን ጨርሼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ያችን ቀን ደጋግሜ አነበብኳት። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ያነጋ ስላለ፣ የተሰማኝን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው፣ የሠራዊት አባላትን በፍትሐ ብሔር ጉዳዮች የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ፣ ከሳሽ የተከሳሹን ወታደር መሆን አለመሆን በቃለ መሐላ ሳይገልጽ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ በሌለበት እንዳይፈርድ ያዛል። ወታደሩ ግዳጁ እንዴት እንዳገደውና መቼ መቅረብ እንደሚችል ጽፎ፣ ፈቃድ ሊሰጠው አለመቻሉን የሚገልጽ የአዛዡን ደብዳቤ ካያያዘ ደግሞ፣ ጉዳዩ ቢያንስ 90 ቀን እንዲቆይለት ይደነግጋል። ሁለት ደብዳቤ ብቻ! ይህን የነገረኝ የክፍላችን ጸሐፊ ነው። ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ስደውል ያገኘሁት መልስ «ጠበቃ ያማክሩ» የሚል ብቻ ነበር።

ሕጉ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? ታዲያ ወታደሩ ስለ መብቱ ከጓደኛው እየሰማ የሚኖረው እስከ መቼ ነው? በየቤተሰብ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይህን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የደብዳቤዎቹን ናሙና አዘጋጅቶ የሚሰጥ፣ በሰዓት ልዩነት ምክንያት በሥራ ሰዓት መደወል ለማይችል ወላጅ በኢሜይል የሚመልስ አንድ ሠራተኛ ይመደብልን። ይህን የምለው እየለመንኩ አይደለም። ለአገር ዘብ የቆመ ሰው ፖስታ ስለዘገየበት ልጁን ማጣት የለበትም!

የተሰናበታችሁትንም አልረሳሁም፤ ቀጠሮ የማስቆየቱ መብት ከአገልግሎት በኋላ የሚዘልቀው ለ90 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ያ ሠራተኛ ለእናንተም ሊደርስ ይገባል። በቪዲዮ መቅረብ የሚቻልባቸው ችሎቶችም ይህንኑ በመጥሪያው ላይ ቢጽፉ መልካም ነው።

ጥያቄውን በጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከመድረኩ እንደወረድኩ ለክቡራን ዳኞች አስረክባለሁ፤ መፈረም የምትፈልጉ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛው ቅጂ ተቀምጧል። አመሰግናለሁ።