ፍላሹን አልተቀበልኩም

እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። እሺ።

ሰላም ናችሁ። ዛሬም ከቁም ሳጥኑ ስቱዲዮ ነኝ። ጋቢው አለ፣ ካፖርቱ አለ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ዶሮም አለ። «ታረደ ወይስ አልታረደም?» ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ፣ አልታረደም። ፍልሰታ ነው፣ ማን ይነካዋል። እስከ ነሐሴ 16 እንደ ልቡ ይጮሃል።

የታክሲ ሰልፉን ክፍል ሁለት ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ይቆየን። አንድ ነገር አልለቀኝ ብሏል። ትንሽ ነገር ነው። ፍላሽ ነው።

እትዬን ታውቋቸዋላችሁ፣ ጎረቤቴን፣ የጀሪካኗን እትዬ። ባቢንም ታውቁታላችሁ፣ ባለፈው መሃል ላይ ገብቶ «ለማን ነው የምታወራው?» ያለው የልጅ ልጃቸው። እንግዲህ ባቢ ሐሙስ ዕለት እኔ ቤት ፊልም ጀመረ። እህቴ የገዛችውን። አዎ፣ «ሚኒስትሯ» የምላት። ሜሪላንድ ሆና እሷ ትገዛለች፣ እኔ ኮዬ ፈጬ ሆኜ አያለሁ። የልጆች ፊልም ነው፣ ግን እኔም ወድጄዋለሁ፣ አልደብቅም። ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ። ኢንተርኔቱም አብሮ ሄደ። ባቢ ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ «ይመጣል፣ ይመጣል» ሲል ቆየ። አልመጣም።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልውሰዳችሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ከሩብ ግድም ነው። መብራት አለ። ይህቺን ያዙልኝ፣ መብራት አለ። በሩ ተንኳኳ። የእትዬ አንኳኳ ይታወቃል፣ በቀለበታቸው ነው የሚያንኳኩት። ከፈትኩ። ነጠላቸውን ተከናንበዋል፣ መዳፋቸው ላይ ፍላሽ አለ። ትንሽ፣ ጥቁር ፍላሽ። ጫፉ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል። ፊልም የሚጭኑት ልጆች ጋ ከሰው ፍላሽ ጋር እንዳይቀየር ነው መሰለኝ። ቀዳዳው ውስጥ የጫማ ክር ገብቶበታል። ቆሎ እንደሚያቀብል ሰው ነው መዳፋቸውን የዘረጉት።

«ልጄ፣ ባቢ ሌሊት ደብረ ብርሃን ሊሄድ ነው፣ አክስቱ ጋ። ያቺን የጀመራትን ፊልም እዚህ ላይ አድርግለት። እዚያ ቴሌቪዥኑ ፍላሽ ያነባል አሉ።»

እኔ ምን አልኩ?

«እትዬ፣ እሱ አይቻልም። ሕገወጥ ነው።»

ሕገወጥ! ለእትዬ! ውሃ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲመጣ እኔ ስተኛ፣ በር ላይ ያስቀመጥኩትን ጀሪካን ሞልተው ለሚያድሩት ሴትዮ። እንደ ደንብ አስከባሪ። ድምፄ ራሱ ተቀየረ፣ ወፈረ። «አይቻልም» ብዬ ብተወው ምን ነበረበት? «አይገለበጥም እትዬ» ብል? እሱም እውነት ነው። አይገለበጥም።

እሳቸው ፍላሹን አዩት። እኔን አዩኝ። «ውይ፣ ይቅርታ ልጄ። አላወቅኩም» አሉ። ከዚያ ፍላሹን የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ብር እንደሚቋጠረው። ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ አሰሩት። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ደረጃውን ሲወርዱ የነጠላ ጫማቸው ድምፅ … ተዉት።

«ይቅርታ» ባይሉ ምናለ። ቢሰድቡኝ እወድ ነበር። «አንተ ስስታም» ቢሉኝ፣ አሁን ይሄን ክፍል አልቀዳም ነበር።

ቆይ፣ ራሴን ጥፋተኛ አድርጌ ብቻ አልተወውም። ነገሩ በቴክኒክም አይሆንም። ፊልሙ ስልክ ላይ ወርዷል ማለት ፋይሉ እጃችሁ ገባ ማለት አይደለም። የተቆለፈ ነው። መተግበሪያው ብቻ ነው የሚከፍተው፣ አካውንቱን አይቶ። ፍላሽ ላይ ብትጥሉት ደብረ ብርሃን ያለው ቴሌቪዥን አያውቀውም። ቁልፉን መስበር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጅ ከ1998 ጀምሮ ራሱን የቻለ ሕግ አለው። በእኛ የቅጂ መብት አዋጅ፣ 410/1996 በሚባለው፣ አንድ ሰው ለራሱ የግል ጥቅም አንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ አይከለክለውም ይላል። ለራሱ። ለባቢ አይልም። ይህንን ያነበብኩት ግን እሑድ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ማታ «ሕገወጥ» ስል ምንም አላነበብኩም ነበር። ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ።

ደግሞ እኮ እኔ ማን ሆኜ ነው? ኮሌጅ እያለሁ አንድ ሃርድ ዲስክ ሙሉ ፊልም ከማን እንዳመጣሁት … ይሄንን እቆርጠዋለሁ። ምናልባት።

በካሴት ዘመን እንደዚህ አልነበረም። አባዬ አንድ ካሴት ከገዛ ሰፈሩ ሁሉ ገዛ ማለት ነው። ከቤት ቤት ይዞራል፣ አልፎ አልፎ የማናውቀው ቤት ይገኛል፣ ሳይጠቀለል ይመለሳል፣ አንድ ሰው ላዩ ላይ ሠርግ ቀድቶበት ይመጣል። (ሳቅ) እውነቴን ነው፣ ሽጉጥ ሊተኮስ ሲል ሙሽራ ትገባለች። ያንን ግን ማንም ሌብነት አላለውም። እንዲያውም የገዛኸውን ዕቃ ማዋስ መብትህ ነው። ካሴቱ አንድ ነው፣ እነሱ ቤት ካለ እኛ ቤት የለም። ዲቪዲም እንደዚያው።

ይሄኛው ግን ዕቃ አይደለም። «ግዛ» የሚል ቁልፍ ትጫናለህ፣ የገዛኸው ግን የማየት ፈቃድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሪዲጂ የሚባሉ ሰዎች ያገለገለ የሙዚቃ ፋይል እንሽጥ ብለው ነበር፣ እንደ ያገለገለ መጽሐፍ። በፈረንጅ 2018 መጨረሻ ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አይሆንም አላቸው። ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ቅጂ ይፈጠራል፣ ካሴት ማቀበል አይደለም ብሎ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ፣ ሻጮች «ይሄ ፈቃድ ነው» ብለው በግልጽ ካልተናገሩ «ግዛ» እንዳይሉ በሕግ አስገድዳለች። ቢያንስ ስሙን አስተካከሉት።

የማጋሪያ መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። አፕልም ጎግልም የቤተሰብ ቡድን የሚሉት አላቸው፣ ስድስት ሰው ድረስ። አንዱ ይገዛል፣ ሌላው በራሱ ስልክ ያያል። ለጓደኛ ደግሞ ሙቪስ ኤኒዌር የሚባለው የፊልም መተግበሪያ በ2020 ስክሪን ፓስ የሚል ነገር አምጥቶ ነበር። ያኔ ደንቡ እንዲህ ነበር፦ በወር ሦስት ፊልም ለወዳጅህ ታውሳለህ። በሰባት ቀን ይቀበላል፣ በ14 ቀን ውስጥ ያያል፣ ማየት ከጀመረ በ72 ሰዓት ይጨርሳል። አሜሪካ ላለ ሰው ብቻ። 72 ሰዓት ኮዬ ፈጬ ላይ አስቡት! መብራቱን እንጠብቅ ወይስ ፊልሙን?

ስድስት ሰው ስል የእኛን ቤት አስታወሰኝ። እኛ ቤት ስድስት ሰው ማለት ምሳ ላይ ያረፈዱት ሳይቆጠሩ ነው። ሚኒስትሯ ስድስቷን ስትመድብ የነበረውን ጦርነት ታስታውሳላችሁ። ታናሽየው ወጣ፣ የእሷ ልጅ ገባ። ታናሽየው እስከ ዛሬ በቤተሰብ ግሩፓችን ላይ «ከቤተሰብ የተወገደው» ብሎ ነው የሚፈርመው። ከቡድኑ የወጣ ሰው ፊልሞቹን አያገኝም፣ ስለዚህ ውርስ የተነፈገ ያህል ነው የሚሰማው። እኔ ምን አገባኝ፣ ገብቻለሁ።

ገብቻለሁ … እሑድ የዚህን ደንብም አነበብኩት። አንዴ ከተነሳሁ አልተኛም፣ ታውቁኛላችሁ። ግዢ ለመጋራት አባላቱ የአንድ አገር መሆን አለባቸው። አፕልም እንዲህ ይላል፣ ጎግልም እንዲህ ይላል። የእኔ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የእኔ አካውንት አድራሻ ግን ሜሪላንድ ነው። የእህቴ መንገድ፣ የእህቴ ቤት ቁጥር። በወረቀት ላይ እዚያ ነው የምኖረው። የብር ካርዴ እዚያ ስለማይሠራ ሁሉንም እሷ ናት የሞላችው፣ እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ተጫንኩ።

እና ሜሪላንዳዊው ሰውዬ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ለእትዬ ሕግ ያስተምራል።

(ረጅም ዝምታ)

ዶሮውን ሰማችሁት? እኔን ነው የሚሳደበው።

ኧረ፣ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ስጀምርም ልነግራችሁ ነበር፣ ሸሸሁት። መብራት አለ ብያችሁ ነበር አይደል? ፊልሙ የቀረው ሃምሳ ደቂቃ ግድም ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ባቢ ሁለት ፎቅ ታች ነው ያለው። «ላኩት፣ አሁን ይጨርስ» ማለት ይቻል ነበር። ቤቴ ቁጭ ብሎ ማየት ፍላሽ አይፈልግ፣ ቅጂ አይፈልግ። ሐሙስ ዕለት ያደረግነውም እሱኑ ነው።

ኳስ ነበረ። ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ነው። ቡድኔን አልጠራም፣ አሁን መሳቂያ አልሆንም። እትዬ ሲያንኳኩ አንድ ጆሮዬ እዚያ ነበር። «ላኩት» ብል ቻናል መቀየር አለብኝ። ስለዚህ «ሕገወጥ» አልኩ። ሕጉ ትክክል ነው፣ አልዋሸሁም። ግን ለእሱ ብዬ አልነበረም የተናገርኩት። ወይም … ግማሽ ለእሱ፣ ግማሽ ለኳሱ? አላውቅም። ምናልባት እያጋነንኩት ነው። ሚኒስትሯ ብትሰማ «ለአንድ ካርቱን ነው ይሄ ሁሉ?» ትላለች። ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን ደግሞ።

እሑድ ከሰዓት ይቅርታ ልላቸው ወረድኩ። እትዬ ቡና ላይ ናቸው። ባቢ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የወጣው፣ ላምበረት ድረስ አጎቱ ሸኘው። «ፊልሟን እያነሳ ተኛ» አሉኝ እየሳቁ። ስቀው ነው ያሉኝ፣ አልተቀየሙም። ወይ ተቀይመው ነው የሳቁት፣ የእትዬን ፊት እኮ ማንበብ አይቻልም። ጾም ስለሆነ ቆሎ አቀረቡልኝ። ሁለተኛውን ስኒ ጠጣሁ። ሦስተኛውንም ጠጣሁ። ስለ ፍላሹ ምንም አላልኩም። «ሲመለስ እኔ ጋ ይጨርሳታል» ልል አፌን ከፍቼ «ቡናው ግሩም ነው» አልኩ። በእርግጥ ግሩም ነበር።

ባቢ ጨርሶም ይሆናል እኮ። ደብረ ብርሃንም ፊልም ጫኝ ሞልቷል። ሃያ ብር ይሰጣል፣ ያስጭናል፣ አለቀ። እኔ እዚህ ስለ ፈቃድና ስለ ቅጂ ስፈላሰፍ ልጁ መጨረሻውን አይቶ ረስቶታል። እንዲያ ቢሆን ደስ ይለኛል? ደስ ይለኛል መሰለኝ። አይለኝም ማለት ነበረብኝ።

የሚኒስትሯ መልእክት ትናንት ገባ። «ሌላ ገዝቼልሃለሁ፣ ገብቷል፣ እይው» ትላለች በድምፅ። ገና አልከፈትኩትም። ስለ አንድ አገሩ ደንብ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ነው። ብነግራት ደግሞ ታናሽየው ቦታዬን ሲያስመዘግብ ይታየኛል።

ባቢ የሚመለሰው ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ። እስከዚያ … እኔ እንጃ። ዛሬ ሌሊት ውሃ ሊመጣ ይችላል ተብሏል። ጀሪካኑን ባዶውን በር ላይ አውጥቼ ነው እዚህ የገባሁት።