ለቁልቢ ሳምንት የድሬን ምሽት ከእንግዳ አንደብቅ

እንደምን አመሻችሁ!

የሆቴልና የካፌ ባለቤቶች፣ አስተናጋጆች፣ ሙዚቀኞች፣ የባጃጅ ሹፌሮች፣ ከመጋላ ሰፈር ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በዚህ ሰዓት የድሬን ሰው አዳራሽ ውስጥ መቆለፍ ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ውጭ ነፋሱ ገና መንፈስ ጀምሯል። ስለዚህ ብዙ አላቆያችሁም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የማታውቁኝም ስፒከሬን ሰምታችኋል። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሠርግ፣ በኮንሰርትና በየመጠጥ ቤቱ ድምፅ መሣሪያ ሳስተካክል ነው። ዘፋኝ አይደለሁም፣ ነጋዴም አይደለሁም። ግን ከሚክሰር ጀርባ የቆመ ሰው ብዙ ያያል። ማን መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚነሳና እንደሚጨፍር፣ መቼ ፊቱን አጨፍግጎ ሂሳብ እንደሚጠይቅ ያያል። ዛሬ የማወራው ያንን ነው።

ታኅሣሥ 19 እየመጣ ነው። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ያሠሩት የቁልቢ ገብርኤል ከዚህ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ቁልቢ ላይ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አልጋ የለም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነውና ብርዱም አይጣል ነው። ስለዚህ ተሳላሚው እኛ ዘንድ ያርፋል። ከአዲስ አበባ፣ ከናዝሬት፣ ከጅቡቲ፣ ከአሜሪካም ይመጣል። ለአንድ ሳምንት ያህል ከተማው ጢም ይላል። እኛም ያን ሳምንት እንደ ደመወዝ ቀን ነው የምናየው።

እኔን የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ድሬን የሚያስወድዳት ምሽቷ ነው፤ ምሽቷ ያለው ደግሞ ደጅ ነው። እኛ ግን ልክ እንግዳ ሲበዛ በሩን ዘግተን፣ መግቢያ አስከፍለን፣ ስፒከር ጆሮው ሥር እንደቅንበታለን። እንዲህ ያለውን ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ ሲጠግበው ከርሟል። ለዚህ ብሎ የደንገጎን ቁልቁለት አይወርድም።

የኛ ምሽት እንዴት እንደሚሠራ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ግን እንግዳው አያውቀውምና እንደ እሱ ሆነን እንየው። እኩለ ቀን ላይ ድሬ ደርሶ ከመኪና ይወርዳል። ሱቁ ግማሹ ዝግ ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ሰው ተኝቷል። “ይቺ ናት ድሬ?” ይላል። በዚያ ሰዓት ሰው ምሳውን በልቶ ወይ ጋደም ብሏል፣ ወይ በርጫ ላይ ነው። ከአወዳይ የመጣው ጫት ተዘርግፎ ወሬው ደርቷል። አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ስትሰበር ነው ከተማው የሚነቃው። ምርቃናውን ይዞ የወጣው ሁሉ ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን የሚሰብርበት ነገር ይፈልጋል። ለሚጠጣው ድራፍት ነው። ለማይጠጣው በወተት የፈላ ሻይ፣ ጭማቂ፣ ጣፋጭ ነገር ነው። ሁለቱም አንድ ጎዳና ላይ፣ አንዳንዴም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። በዚህ ማንም ተገርሞ አያውቅም። ይህን ግን እንግዳ ሲያይ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

እንግዲህ ሳምንቱን እንየው።

ታኅሣሥ 14 እና 15 ቀለል ያሉ ናቸው። ቀድሞ የሚመጣው ቤተሰብ ይዞ ነው። ሕፃን አለ፣ አያት አለች። እነሱ ናይት ክለብ አይገቡም። ከዚራ ውስጥ ወንበር ወደ በረንዳ አውጡላቸው። ሌላ ምንም አትጨምሩ። ሰፊው መንገድና ዛፉ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ በኋላ የመጣ ሀብት ነው። ከተማዋን የቆረቆራት ባቡሩ ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ቢሠራም፣ አሮጌው ለገሃር ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው ዛሬም አይጠፋም። አያትየው ደስ ይላቸዋል። ምናልባትም በልጅነታቸው በባቡር እንዴት እንደመጡ ማውራት ይጀምሩና ሁለተኛ ሻይ ይታዘዛል። ለእናንተም ጥሩ ነው።

16 እና 17 ወጣቱ ይመጣል። የኔም ሥራ እዚህ ላይ ይበዛል። ከአዲስ አበባ ባንድ ይመጣል፣ ዲጄ ይመጣል፣ ፖስተር በየግድግዳው ይለጠፋል። ኮንሰርቱን አልቃወምም፤ እንጀራዬ ነው። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁለት መጠጥ ቤቶች ፊት ለፊት አሉ። አንደኛው ድምፅ ይጨምራል፣ ሌላው ይጨምራል። አንደኛው ስፒከሩን በር ላይ ያወጣል፣ ሌላውም ያወጣል። ሦስት ሰዓት ላይ የሚሰማው ዘፈን አይደለም፣ ድብድብ ነው። ባለቤቱ ይደውልና “አቦ፣ ቤዙን ጨምርልኝ” ይለኛል።

ሰዎች፣ ቤዝ ግድግዳ አይዘውም። ቀጭኑ ድምፅ በርና መጋረጃ ላይ ይቀራል። ወፍራሙ ግን አልፎ ሦስተኛው ቤት ያለች አራስ ትራስ ሥር ይገባል። እዚያ የሚሰማት የዘፋኙ ድምፅ አይደለም፣ ዱም ዱም ብቻ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ስፒከሩን ከበር አንሱና ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሩት። ከመሬት አንሥታችሁ በሰው ጭንቅላት ከፍታ ላይ አድርጉት። ማዕዘን ውስጥ አትሰኩት፤ ማዕዘን ቤዙን ያባብሳል። አንድ ትልቅ ከማስጮህ ይልቅ ትንንሽ ስፒከሮችን በየቦታው ብታስቀምጡ ሁሉም እኩል ይሰማል፣ ማንም አይደነቁርም። ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር የለውም። የሚጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ኑ ካላችሁኝ መጥቼ አስተካክላለሁ። ለቁልቢ በነፃ።

ደግሞ አንድ ነገር እርግጠኛ ሆኜ እነግራችኋለሁ። ማውራት የቻለ ጠረጴዛ ይቆያል። የቆየ ጠረጴዛ ያዝዛል። እየጮኸ የሚያወራ ሰው ጉሮሮው ሲደክም ሂሳብ ይጠይቃል። አዛን ሲሰማ ሙዚቃውን ዝቅ ማድረጋችንን ደግሞ እንዳንተው። ማንም አዋጅ አላወጣበትም፣ እኛው ነን ያቆየነው። እንግዳ በበዛበት ሳምንት የሚረሳ ከሆነ ያሳፍራል።

18 ማታ ከተማው ይቀዘቅዛል። ሰው ጋቢውን ይዞ ወደ ቁልቢ ይወጣል። ተኙ፣ ዕረፉ፣ መስታወት ወልውሉ። ስለዚህ ቀን ሌላ የምለው የለኝም።

ዋናው 19 ማታ ነው። ስለቱን ያደረሰ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚመለሰው። ሌሊቱን ቆሞ አድሯል፣ በርዶታል፣ ርቦታል፣ ደስ ብሎታል። ወደ ድሬ ሲወርድ ሙቀቱ ሲቀበለው ሹራቡን እያወለቀ ነው የሚገባው። ይህ ሰው ጮቤ የሚረግጥበት አዳራሽ ይፈልግ ይሆናል። ግን አስቀድሞ መጋላን አሳዩት።

ድልድዩን ተሻግሮ ይሂድ። የደቻቱ ወንዝ በታኅሣሥ ደረቅ አሸዋ ነው። (በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ያደረገብንን ለማያውቅ ሰው ይህ አሸዋ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ ብትሉት አያምናችሁም።) ከዚያ ማዶ ሌላ ምሽት አለ። መጠጥ የለም። ጠባብ መንገድ፣ አምፖል፣ ጭስ፣ ዶሚኖ የሚመቱ አባቶች አሉ። ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይንጫጫል። ባጂያው በጋዜጣ ይጠቀለላል። ጣፋጩ ሙሽበክ ከስኳሩ ጋር ይብረቀረቃል።

ፈጢራ የምትሠራ አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ወረፋው ይብስባቸዋል። ድቡልቡሏን ሊጥ ዘይት በተቀባ ብረት ላይ ያስቀምጣሉ። በመዳፋቸው ይጫኗታል። ከዚያ ጫፏን ይዘው ይስባሉ፣ ያዞራሉ፣ ይስባሉ። ሊጧ ከመሳሳቷ የተነሳ ከሥር ብረቱ ይታያል። እንቁላሉን መሃል ላይ ሰብረው ያፈሳሉ፣ በአራት በኩል ያጥፏታል፣ ምጣዱ ላይ ይገለብጧታል። ስትወጣ በቢላ ቸክ ቸክ አድርገው ቆራርጠው ማር ያንጠባጥቡባታል። ከሊጥ እስከ ማር ዓይናቸው እጃቸው ላይ አይደለም፤ ከደንበኛ ጋር እየቀለዱ ነው። እኔ ይህን ትርኢት ከስንት ኮንሰርት አስበልጠዋለሁ። መግቢያም አይከፈልበትም። ግን ለሆቴል እንግዶቻችን ማን ነገራቸው? እንግዳ መቀበያው ላይ የሚቀመጠው ልጅ “ማታ የት እንሂድ?” ሲባል የራሱን ሆቴል ባር ብቻ ነው የሚጠቁመው። እንዲህ እንዲል ያዘዝነው እኛው ነን።

አሁን የማያስደስታችሁን ላንሣ። ዋጋ። አንድ ቤተሰብ ከወር በፊት በስልክ ክፍል ይይዛል። ደጅ ሲደርስ “ይቅርታ፣ ተይዟል” ይባላል። የተያዘው በዕጥፍ ለከፈለ ነው። ሆቴሉን አልጠራም፤ ያደረገው ያውቃል፣ ደግሞም ብቻውን አይደለም። ያ ቤተሰብ መኪና ውስጥ አድሯል። በሚቀጥለው ዓመት ሐረር ነው የሚያድረው፣ 55 ኪሎ ሜትር ምን አላት? እንግዳ ሲበዛ ዋጋ መጨመሩ ይገባኛል፤ ጄኔሬተርም ነዳጅ ይጠጣል። ግን የተስማማችሁበትን አክብሩ። የባጃጅ ልጆችም እንደዚሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከከዚራ ሳቢያን የሚጠየቀውን ብር ስሰማ እኔ ራሴ በእግሬ ሄጃለሁ። እስቲ አንድ የማታ ዋጋ ተስማሙና ባጃጁ ላይ ለጥፉት። ክርክሩ ይቀራል።

ሌላው አስተናጋጆቻችን ናቸው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጠረጴዛ አንሥታ የምትወጣ ልጅ ገንደ ቆሬ ድረስ በምን ትሄዳለች? ጉርሻዋን ለባጃጅ ከፍላ ትገባለች፣ ወይ ጨለማውን ትጋፈጣለች። ለዚያ ሳምንት አምስት ቤቶች ተባብራችሁ አንድ መኪና ብትይዙ ለእያንዳንዳችሁ የጥቂት ቢራ ዋጋ ነው።

በመጨረሻም ሙዚቀኞች። አሊ ቢራ የተወለደው እዚህ ነው። የጀመረው በ1950ዎቹ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የሰፈር ልጆች ጋር፣ በሠርግና በበዓል እየዘፈነ ነው። በኋላ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ ዘፈነ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍም የተቀበረው እዚሁ ነው። እሱን ቀብረን የተመለስን ሰዎች ግን የሰፈራችንን ባንድ መድረክ አንሰጠውም። ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ግማሹን አስቀድመን እንልካለን። የድሬው ልጅ ኪቦርዱን በባጃጅ ጭኖ መጥቶ፣ አራት ሰዓት ተጫውቶ፣ “ነገ ና” ይባላል። በማግሥቱ “ባለቤቱ የሉም” ይባላል። ይህን ሽቦ ስጠቀልል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። 19 ማታ ከዚራ ላይ፣ ለገሃር ፊት ለፊት፣ በረንዳ ያላችሁ ቤቶች አዋጡና አንድ ትንሽ መድረክ ደጅ ላይ እናቁም። መግቢያ የለውም። የድሬ ልጆች ይጫወቱ። የመጋላ እናቶች ምጣዳቸውን ይዘው ይምጡ፣ ቦታ አታስከፍሏቸው። አምስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። መጨፈር የፈለገ ከዚያ በኋላ ወደየቤታችሁ ይገባል። የልጆቹ ክፍያ በፖስታ ሆኖ መድረኩ ከመጀመሩ በፊት እኔ እጅ ይገባል። ሲጨርሱ እዚያው እሰጣቸዋለሁ። ስፒከሩ ከኔ፣ መብራቱ ከእናንተ።

ስም መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እስክሪብቶም አለ። አመሰግናለሁ፤ በሉ እንውጣ፣ ነፋሱ አለፈን።