ሎሚዋን ምን ነካት?

(ምስል፦ የአውቶቡስ ወለል። በወንበሮቹ መሃል አንዲት ሎሚ ትንከባለላለች።)

ሰላም ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ሎሚ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ እየሄድን ነበር። ሎሚዋ ከአንዲት እናት ዘንቢል አምልጣ ወለሉ ላይ ወደቀች። አውቶቡሱ ሲነሳ ወደ ኋላ ትሮጣለች። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ትበራለች። ሁለት ጎረምሶች ጎንበስ ብለው ሞክረው አልቻሏትም። «ኧረ ይቺን ነገር ምን ነካት?» አሉ እናት።

ምንም አልነካትም። መልሱም እሱ ራሱ ነው፤ የነካት የለም።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ይያዛል፣ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ይፋተግና አውቶቡሱን ያቆመዋል። እናንተን ደግሞ ወንበሩ፣ እግራችሁ፣ በእጃችሁ የጨበጣችሁት ብረት ያስቆማችኋል። ሎሚዋ ግን ክብ ናት፣ የያዘችውም የለም። ስለዚህ ቅድም በነበራት ፍጥነት ቀጠለች። ወደ ፊት የሮጠች የመሰለን እኛ ስለቆምን ነው። አውቶቡሱ ሲነሳም እንዲሁ፤ እሷ ወደ ኋላ አልሄደችም፣ አውቶቡሱ ጥሏት ሄደ።

(ምስል፦ ባሕር ዳር፣ የሐይቁ ዳር መንገድ፣ ብስክሌት።)

አብዛኞቻችን የምናስበው እንዲህ ነው፦ ነገር እንዲሄድ የሚገፋው ያስፈልጋል፣ መግፋት ስታቆም ይቆማል። አርስቶትልም እንደዚያ ነበር የሚያስበው፤ ወደ 2,000 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም ብዙ ሊቃውንት ተከትለውታል፤ ስለዚህ ብትሳሳቱ አታፍሩ።

ባሕር ዳር ብስክሌት የነዳ ሰው ግን እውነቱን በእግሩ ያውቀዋል። ከተማው ሜዳ ነው። ፔዳል መምታት አቁሙ፤ ብስክሌቱ ይሄዳል። ጎማው አየር ከጎደለው ቶሎ ይቆማል፣ በደንብ ከተነፋ ግን ሩቅ ይወስዳችኋል። ልብ በሉ፣ በሁለቱም ጊዜ የመታችሁት ፔዳል እኩል ነው። የተለያየው የሚያቆማችሁ ነገር ነው፤ ሰበቃው፣ ማለትም ፍትጊያው። ሰበቃውን ቀንሱ፣ ቀንሱ፣ ጭራሽ አጥፉት ብትባሉ ምን ይሆናል? አይቆምማ! ጋሊሊዮ በተዳፋት ሰሌዳ ላይ ኳስ እያንከባለለ እዚህ ሐሳብ ላይ ደረሰ፣ ኒውተን ደግሞ በፈረንጆች 1687 ሕግ አድርጎ አሳተመው። ኢነርሺያ ይሉታል። እኔ ብሆን እልህ ነበር የምለው።

እንግዲህ ግፊያ የሚያስፈልገው ለመሄድ ሳይሆን አካሄድን ለመለወጥ ነው። ለመፍጠን፣ ለመቀነስ፣ ለመታጠፍ። ባዶ አይሱዙ ቶሎ ይፈተለካል፤ 40 ኩንታል ጤፍ የጫነው ያቃስታል። ሞተሩ አንድ ነው፣ አካሄዱ የሚለወጠው ቁስ ግን በዛ። ሁለተኛው የኒውተን ሕግ ይኸው ነው፣ ብዙም አልቆይበትም።

(ምስል፦ ጢስ ዓባይ።)

ስለ ፍጥነት መጨመር ካነሳን ግን ጢስ ዓባይ እንሂድ። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ነው። ከአፋፉ ድንጋይ ለቀቅ አድርጉ እንበል። በመጀመሪያው ሰከንድ 4.9 ሜትር ይወርዳል። በሁለተኛው 14.7። ማለትም የመጀመሪያውን 3 እጥፍ። ሦስተኛውን ሙሉውን ቢያገኝ 5 እጥፍ ይወርድ ነበር፣ ግን 3 ሰከንድ ሳይሞላ ውሃው ውስጥ ነው። አየሩን ከተውነው ሲያርፍ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ከቆመበት ተነስቶ፣ 3 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ! በየሰከንዱ ፍጥነቱ ላይ 9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨመርበታል።

«ከባዱ ቶሎ ይወድቃል» የሚል ይኖራል። አውድማ ላይ ቆሞ ያየ ሰው እንደዚያ ቢል አልፈርድበትም። ጤፉ በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን ፍሬው እዚያው ይወርዳል፣ ገለባውን ነፋስ ይወስደዋል። ግን ገለባውን ያዘገየው አየሩ ነው። በፈረንጆች 1971 ዴቪድ ስኮት የሚባል የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ እኩል ለቀቀ። እኩል አረፉ።

(ምስል፦ ከደጀን በታች፣ ጠመዝማዛው መንገድ፣ ዝንጀሮዎች።)

ወደ አውቶቡሳችን እንመለስ፤ ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀምረናል። እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። መሬት ወደ ታች ትጎትታለች። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር የሚወርድ ቢሆንና መኪናውን የሚይዘው ነገር ባይኖር፣ ከቆመበት ተነስቶ በ30 ሰከንድ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትርን ያልፋል። ከዚያ ኩርባው ይመጣል። ኩርባ ላይ እልሁን አስታውሱት፤ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው።

የእኛ ሹፌር ግን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ባንድ ፍጥነት ይወርድ ነበር። «ምነው ይሄ ሰው አንቀላፋ እንዴ?» የሚል ተሳፋሪም አልጠፋም። ፍጥነቱ ካልተለወጠ ደግሞ የሚጎትተውና የሚይዘው እኩል ሆነዋል ማለት ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ይይዛል፣ መሬት ወደ ታች ይስባል፣ ሲደመር ዜሮ። ሹፌሩ ኒውተንን ባያነብም ሒሳቡን ሠርቶታል።

ማርሽ ዜሮ አድርጎ በፍሬን ብቻ የሚወርድስ? 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። ስንት ሙቀት? 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ብትጥዱ 14 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያፈላ። ይህን ሁሉ ፍሬኑ ብቻውን ይሸከም ማለት ነው። መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይጨሳል፣ ከዚያ ብትረግጡትም አይዝም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጉልበቱ 4 እጥፍ ነው። በ80 የሚሄደውን ለማቆም በ40 ከሚሄደው 4 እጥፍ ርቀት ይፈልጋል፤ ሹፌሩ እስኪደነግጥ የሄደውን ሳንቆጥር።

ሎሚዋስ? ቁልቁለቱ ሲጀምር ወለሉም አዘነበለ፤ እሷም ወደ ፊት ሄዳ እዚያው ቀረች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ረዳቱ ከሹፌሩ እግር አጠገብ አንስቶ «እማማ፣ ፍሬን ሥር ልትገባ ነበር እኮ!» አላቸው። እናት ተቀበሉት፣ በነጠላቸው ጠረግ አደረጓትና ዘንቢሉን አፉን በደንብ ቋጠሩት።